ቢሞት ተተካ፦ ጦርነት በፉከራና በሙሾ መካከል

(በአንድ የንባብ ክበብ ምሽት ላይ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ውስጥ በየአሥራ አምስት ቀኑ ክርክር ይደረግ ነበር። ርዕሶቹን አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የገጠር ኑሮ ይሻላል ወይስ የከተማ? ዕውቀት ይበልጣል ወይስ ገንዘብ? አንድ ጊዜ “የጦርነት ጥቅምና ጉዳት” የሚል ተሰጠን። ዕጣ ሲወጣ ለእኔና ለሁለት ጓደኞቼ “ጥቅም” ደረሰን። ሳምንቱን ሙሉ ከአባቴ ግጥም ስለቃቅም ሰነበትኩና ቀኑ ሲደርስ ሰልፍ ሜዳው ላይ ቆሜ አወረድኩት። ተማሪው በጭብጨባ አናወጠው።

ከተቃራኒው ወገን አንዲት ልጅ ነበረች። ተራዋ ሲደርስ ወረቀቷን አጠፈችና ታላቅ ወንድሟ ለውትድርና ሄዶ እንዳልተመለሰ፣ እናቷም እስከ ዛሬ የቤቱን በር ሳትቀረቅር እንደምትተኛ ተናገረች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ዳኛ የነበሩት መምህር ነጥቡን ሲያነቡ “እሷ ከርዕስ ወጥታለች” አሉ። አሸነፍን። ሽልማታችን አንድ አንድ ደብተር ነበር።

ልጅቷ ከርዕስ አልወጣችም ብሎ ዛሬ መፍረድ ቀላል ነው። እኔን ዓመታት ያስቸገረኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እኔ ያን ያህል ግጥም ሲኖረኝ እሷ ለምን አንድም አልነበራትም? በአማርኛ የሐዘን ግጥም ሞልቷል፤ እንዲያውም ከፉከራው ሳይበልጥ አይቀርም። ነገር ግን ፉከራው ሰልፍ ሜዳ፣ ሠርግ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ድረስ ይመጣል፤ ሙሾው ከለቅሶ ቤት አይወጣም። የጦርነትን ጥቅም የምንናገርበት ቋንቋ አደባባይ ይውላል፤ ጉዳቱን የምንናገርበት ድንኳን ሲነቀል አብሮ ይነቀላል። ዛሬ ማምሻውን ይህንን በጥቂት ሥራዎች ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ያን ቀን ካወረድኳቸው አንዱን ልበላችሁ፤ ሁላችሁም የምታውቁት ነው።

ገበየሁ ቢሞት ተተካ ባልቻ፣
መድፍ አገላባጭ ብቻ ለብቻ።

ፊታውራሪ ገበየሁ የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ ወደቁ። ባልቻ ሳፎ፣ አባ ነፍሶ፣ በመድፉ በኩል የሠሩት ጀብዱ ስማቸውን ከዚያ ቀን ጋር አጣበቀው። ግጥሙ ይህንን ሁሉ በሁለት መስመር ጨረሰው። እስቲ የመጀመሪያውን መስመር ልብ በሉት። “ቢሞት” እና “ተተካ” መካከል ምንም የለም። ለቅሶ የለም፣ ቀብር የለም፣ ሰልስት የለም፤ እስትንፋስ የምንስብበት ቦታ እንኳን አልተተወም። ሟቹ ገና መሬት ሳይነካ ተተኪው ቆሟል። ሁለተኛው መስመር ደግሞ ስለ ገበየሁ አንድም ቃል የለውም።

ይህን ስል ግጥሙን ለማሳነስ አይደለም። በውጊያ መሐል ያለ ሰው ሊሰማው የሚገባው ልክ ይህ ነው። ጓደኛህ አጠገብህ ሲወድቅ ቁጭ ብለህ ብታለቅስ መድፉ ያለ ተኳሽ ይቀራል። ፉከራ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ሰው ለትንሽ ሰዓት ከሐዘኑ እንዲበልጥ። የአድዋም ጥቅም ወሬ ብቻ አይደለም። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1889፣ ኢጣልያ የውጫሌውን ውል ትታ የኢትዮጵያን ነፃነት አምና አዲስ አበባ ላይ ፈረመች። ከካሪቢያን እስከ ደቡብ አፍሪካ ያሉ ጥቁር ሕዝቦች ስማችንን እንደ ጸሎት ያዙት። ይህ ባይሆን ኖሮ እኔ ዛሬ በየትኛው ቋንቋ ንግግር ላደርግላችሁ እንደምችል አላውቅም። “ምኒልክ ተወልዶ ባያነሳ ጋሻ፣ ግብሩ እንቁላል ነበር ይህን ጊዜ ሐበሻ” ያለው ሰው ሒሳቡን በሚገባ አስልቶታል።

ግን ስለ ባልቻ አንድ ነገር ልጨምር። እንደሚነገረው ባልቻ በልጅነታቸው፣ ምኒልክ ወደ ጉራጌ ባዘመቱት ጦር ጊዜ፣ ተሰልበው ጦር ሜዳ ላይ የተገኙ ልጅ ናቸው። ከዚያ ነው ተወስደው በቤተ መንግሥት ያደጉት። እንግዲህ ተተኪው ጀግና ራሱ ሌላ ጦርነት የቆረጠው ልጅ ነበር። ግጥሙ ይህንን አያውቅም፤ ወይም ያውቃል፣ ግን ቦታ የለውም። ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው።

አሁን ሌላ ሁለት መስመር ልጥራ፤ ከዚህ ሃያ ስምንት ዓመት የሚቀድም።

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አላውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

አጼ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በገዛ ሽጉጣቸው ሲሞቱ የተባለ ነው። ከፊተኛው ጋር አስተያዩት። እዚያ “ተተካ” የሚል ቃል ነበር፤ እዚህ “አንድ” የሚል ቃል አለ። ያኛው ሰውን በሰው ይቀይራል፤ ይኼኛው ቆጥሮ አንድ ላይ ይቆማል። በእርግጥ ግጥሙ ውስጡ ውዳሴ አለ፣ “ወንድ” ማለቱ ራሱ ፉከራ ይሸታል። ግን ውዳሴውን የተሸከመው ጩኸት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚይዘኝ “የሴቱን አላውቅም” የሚለው ነው። ብዙ ሰው ይህን ቃል ለቤት መምቻ እንደገባ አድርጎ ያልፈዋል። እኔ ሐቀኛ ኑዛዜ ሆኖ ነው የሚሰማኝ። ጩኸቱ በዝቷል፣ ከጩኸቱ ውስጥ ሴቶች አሉ፣ እኔ ግን አልቆጠርኳቸውም ይላል ገጣሚው። ደግሞም አልተቆጠሩም። የንጉሡ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ያለ እናት ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው ሞተ። ለእቴጌይቱ የተገጠመ፣ እንደ ባላቸው ሁሉም ሰው በቃሉ የሚይዘው ሁለት መስመር ካለ ንገሩኝ።

በዚያ ሰሞን ከመቅደላ ሁለት ነገር ወረደ። አንደኛው በአሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ የወረደው ነው። ቴዎድሮስ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ካሰባሰቡት መካከል የብራና መጻሕፍቱ፣ መስቀሉ፣ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ሥዕሉ። ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ወጣበት፤ ከሦስት መቶ በላይ የሚሆነው ብራና ዛሬ ለንደን ነው። ጦርነት ኪነ ጥበብን እንዴት ይጎዳል ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ሁለተኛው በሰው አፍ የወረደው ነው፤ ጭነት አልፈለገም፣ ማንም ሊወስደው አልቻለም። ያን ዕለት በአንድ ተራራ ላይ ጥበብ ተዘረፈ፣ ጥበብም ተወለደ። ስሌቱ ግን እኩል እንዳይመስላችሁ። ከጠፉት ብራናዎች ውስጥ ምን ያህል ግጥም እንደነበረ ማን ያውቃል?

ሙሾና ፉከራ በእውነተኛው ኑሮ ተለያይተው እንደማይኖሩ አውቃለሁ። የሚገናኙበት ቦታ ለቅሶ ነው። በ1981 ዓ.ም. ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ የነበረ ወጣት መርዶ መጣ። አስከሬን የለም። አንድ አጎዛ ላይ የክት ኮቱን፣ የተወለወለ ጫማውንና ስድስተኛ ክፍል ሳለ የተነሣውን ፎቶግራፍ አስቀመጡ። ጫማው ትዝ ይለኛል፤ ማሰሪያው ታስሮ ነበር፣ ማን እንዳሠረው አላውቅም። ሴቶቹ በሙሾ አውራጇ ዙሪያ ሆነው ደረት ሲመቱ፣ በጣልያን ጊዜ አርበኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉና ዱላቸውን እንደ ጠብመንጃ ከፍ አድርገው “ዘራፍ!” አሉ። ሟቹን ሊያከብሩ ነው፤ ወጉም ነው። አውራጇ ሙሾዋን አቋረጠች። ቀና ሳትል “አባባ፣ ማን ይስማዎት ብለው ነው?” አለቻቸው።

ሽማግሌው ዱላቸውን አወረዱ። ትንሽ ቆመው ቆዩና ከሴቶቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ተግሣጽ መስሎኝ ነበር ብዙ ዓመት። አሁን ሳስበው እውነተኛ ጥያቄ ነበር። ፉከራ ሰሚ ይፈልጋል። ጌታው ፊት፣ አለቃው ፊት፣ ንጉሡ ፊት ነው የሚፎከረው፤ የፎከረ ይሾማል፣ ይሸለማል። ያ ልጅ የሞተለት አለቃ በዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም። የነበረችው እናቱ ናት።

ስለ ጦርነት ውበት የጻፉ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ የጻፈው በእኛው ላይ ነው። ኢጣልያዊው ገጣሚ ማሪኔቲ እ.ኤ.አ. በ1909 ባወጣው ማኒፌስቶ ጦርነትን የዓለም ብቸኛ ማጽጃ ብሎ ያወደሰ ሰው ነው። ሀገሩ ኢትዮጵያን ስትወርር ደግሞ ጦርነት ውብ ነው የሚል ሌላ መግለጫ አወጣ። ጦርነት ውብ የሆነበትን ምክንያት ሲዘረዝር፣ አበባ በሞላበት መስክ ላይ መትረየስ የእሳት አበቦችን ይጨምራል አለ። ያ መስክ የማን መስክ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ጀርመናዊው ሃያሲ ዋልተር ቤንጃሚን ወዲያውኑ ይህንን ጠቅሶ፣ የሰው ልጅ የራሱን ጥፋት እንደ ጥበብ ደስታ የሚመለከትበት ደረጃ ላይ ደርሷል ሲል ጻፈ።

ማሪኔቲን ፈሪ ነው ብሎ መሳደብ አይቻልም፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው በፈቃዱ ዘምቶ ኢትዮጵያ መጥቷል። ታዲያ ከእኛ ፎካሪ በምን ይለያል? እኔ የምለው ይህንን ነው። የእኛ ፎካሪ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም ጠርቶ ነው ገደልኩ የሚለው። ቃሉም “ገዳይ” ነው፤ አይደብቀውም። እርግጥ በችሎት ወንጀል የሆነው ቃል በሜዳ ማዕረግ መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል። ቢሆንም አንድ ሰው ሌላ ሰው መግደሉ ግጥሙ ውስጥ አለ። በማሪኔቲ ሜዳ ላይ ግን ሰው የለም። ገዳይ የለም፣ ሟች የለም፣ አበባ ብቻ።

ለዚያ ጽሑፍ መልስ የሰጠ የሀገራችን ሥራ የትኛው ነው ብትሉኝ ግጥም አልጠቅስላችሁም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት፣ በአማርኛ ያደረጉት ንግግር ነው። ኢጣልያውያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያቋርጧቸው ሞከሩ፤ እሳቸው ቆመው ጠበቁ። ከዚያ አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ እንደ ስስ ዝናብ ሲረጩ፣ በሰው፣ በከብት፣ በውኃው፣ በግጦሹ ላይ የደረሰውን ዘረዘሩ። ንጉሠ ነገሥት ሆነው በዓለም ፊት ያቀረቡት ፉከራ አልነበረም። ሙሾ ነበር፤ በዲፕሎማሲ ልብስ። ማኅበሩ ሰማቸው፣ ምንም አላደረገም። ሙሾም ሰሚ ሲያጣ እንዲህ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎቻችን ሁለቱን ድምፅ በአንድ አፍ ለማናገር ሞክረዋል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ስለ ተረሸኑት ስለ አቡነ ጴጥሮስ በጻፈው ግጥም ውስጥ ጳጳሱ “ፈራሁ” ይላሉ። እመቤታችንን ይወቅሳሉ፤ ብቻቸውን እንደሆኑ ይናገራሉ። ግጥሙን በቃሉ የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ግን በየመድረኩ ሲነበብ ያችን “ፈራሁ” እንደ ዛቻ አስጩኸው የሚያነቧት አንባቢዎች አጋጥመውኛል። ቃሉ የተጻፈው ለመንሾካሾክ ነበር። ሐውልት ስንሠራላቸው የኖርን ሰዎች ሐውልቱ ሲፈራ መስማት ይጨንቀናል መሰለኝ።

በዓሉ ግርማ ከሁሉም ራቀ። የ“ኦሮማይ” ባለታሪክ ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ወደ አሥመራ የሄደው ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ ሊመራ ነው። በሌላ አነጋገር ሥራው ፉከራ ማምረት ነው፤ ለሬዲዮ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለጋዜጣ። መጽሐፉ ሲያልቅ ያ ሰው የሚፎክርበት ምላስ የለውም። በናቅፋ ዙሪያ ያሉ ተራሮች፣ ከሁሉም ባለ ቁጥሩ ኮረብታ 1702፣ ሰው እየበሉ ሲሄዱ ያያል። ለኮረብታ ቁጥር መስጠት የወታደር ሥራ ነው፤ ካርታ ላይ ከፍታው ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን ያ ቁጥር እያደር የሬሳ ቆጠራ ይመስላል፤ በዓሉ ይህን ሆን ብሎ ያደረገው እንደሆነ አጥብቄ እጠረጥራለሁ። ርዕሱ የአሥመራ ሰው ከጣልያንኛ ወስዶ የራሱ ያደረገው ቃል ነው፤ አከተመ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም ማለት። ከ“ተተካ” በተቃራኒው ዳር ላይ ያለው ቃል ይህ ነው።

መጽሐፉ በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተነሣ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። በዓሉ ራሱ ዘመቻው ላይ በማስታወቂያ ሥራ የተሰማራ፣ መንግሥት ያመነው ሰው ነበር፤ ቅጣቱም የመጣው ፎክር ተብሎ ተልኮ ሙሾ ይዞ ስለ ተመለሰ ነው።

ስለ ቅርቡ ጦርነት እንድናገር የምትጠብቁ አላችሁ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በሰሜን ስለሆነው የምለው ጥቂት ነው፤ ሥነ ጽሑፉ ገና አልበሰለምና። ያስተዋልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። በስልኬ ላይ ፉከራው ከሁሉም ወገን በሳምንት ውስጥ ደረሰኝ፤ በጥሩ ካሜራ የተቀረጸ፣ በጥሩ ዜማ። ሙሾው እስከ ዛሬ አልደረሰኝም። አለ፤ በየቤቱ በትግርኛም፣ በአማርኛም፣ በአፋርኛም አለ። እየተጠበቀ ያለው ከድንኳኑ የሚያወጣው ሰው ነው።

ወደ ሥዕል ልሻገርና ላብቃ። የአድዋን ሥዕል የማያውቅ የለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከላይ፣ ምኒልክ በጥላ ሥር፣ ጣይቱ ሽጉጥ ይዘው፣ ታቦቱ፣ ነጋሪቱ፣ በመሐል የሰውና የባሩድ ትርምስ። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል በመጣ ወግ የእኛ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ጠላት ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ሕፃን ሳለሁ ጣልያኖች በእውነት አንድ ዓይን ያላቸው ይመስለኝ ነበር። (የሞተና የቆሰለ ሕዝብ ዋናው ጉዳይ የሆነበት የአደባባይ ቅርጽ ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ነው፤ እሱንም የሠሩት ዩጎዝላቮች ናቸው።)

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ አካባቢ የአድዋን ሥዕል በቆዳ ላይ እየሣለ የሚሸጥ ወጣት ጋር ቆሜ ነበር። እጁ ፈጣን ነው፤ ጋሻ በሦስት ጭረት ይሠራል። ያሰብኩትን ጠየቅሁት። ከአድዋ በኋላ ከጣልያን ወገን የተዋጉ አስካሪዎች፣ የእኛው ቋንቋ ተናጋሪዎች፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ከሃዲ ተብለው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ነጮቹ ምርኮኞች ሙሉ አካላቸውን ይዘው ሀገራቸው ገቡ። ይህን የሚያሳይ የአድዋ ሥዕል አይቼ አላውቅም፤ አንተስ ሥለህ ታውቃለህ? አልኩት።

ብሩሹን ውኃ ውስጥ ነክሮ አዟዟረው። ታሪኩን ከአያቱ እንደሰማው ነገረኝ። አንዴም ሊሞክረው አስቦ ነበር፤ ግን እነዚያን ሰዎች በጎን ይሣላቸው ወይስ ፊት ለፊት፣ በአንድ ዓይን ወይስ በሁለት፣ መወሰን አቃተው።

“ደግሞስ” አለኝ፣ “ማን ይገዛዋል?”

የተለመደውን ገዛሁ። ሳሎኔ ተሰቅሏል።